በበሩ ስር የሚያልፈው አየር

ከሐዋሳ ስምንት ክፍለ ከተሞች አንዱ መናኸሪያ ይባላል። ከመናኸሪያ በሚነሳ ሚኒባስ የተጓዘ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ክርክር አለ። አንዱ ተሳፋሪ ሙቀቱ ሲበዛበት መስኮት ይከፍታል፤ ከኋላው የተቀመጡት እናት ነጠላቸውን ወደ ጆሯቸው ሳብ አድርገው «ልጄ፣ ዝጋው እባክህ፣ ብርድ ይመታናል» ይላሉ። ይዘጋል። ሻሸመኔ ሳይደረስ ደግሞ ሌላው ይከፍተዋል። ረዳቱ በዚህ ጉዳይ ገለልተኛ ነው፤ እሱ የሚቆጥረው ሰው እንጂ አየር አይደለም።

ክርክሩ ተራ ቢመስልም በውስጡ ሁለት ከባድ ጥያቄዎች አሉ። አየር ከየት ወደ የት ይሄዳል? ሲሄድስ ምን ይዞ ይሄዳል? በመኪና ውስጥ ነገሩ ቀላል ነው፤ ክፍሉ አንድ ነውና። ቤት፣ ሆስፒታል፣ ፔንሲዮን፣ ባለ አምስት ፎቅ የንግድ ህንጻ ላይ ሲደርስ ግን ይወሳሰባል። ሳሎኑ ከመኝታ ቤቱ፣ መኝታ ቤቱ ከኮሪደሩ፣ ኮሪደሩ ከደረጃው፣ ደረጃው ከላይኛው ፎቅ ጋር በማይታይ መንገድ ይገናኛሉ። ይህን መንገድ በቁጥር ለመጻፍ ዓለም ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። ዛሬ በኮምፒውተር ይሰላል። ስሌቱ ግን በብዙ ሀገር፣ በእኛም ጭምር፣ ህንጻ ሲሠራ በመጨረሻ የሚታሰብ ወይም ጭራሽ የማይታሰብ ነገር ነው።

ነገሩን ከቤታችን እንጀምር። ሐዋሳ ከመቆርቆሯ በፊት በሲዳማ ደጋ የነበረው ቤት ከቀርከሃ ተሸምኖ፣ በሳርና በእንሰት ሽፋን ለብሶ፣ እንደ ቀፎ ተደፍቶ የሚቆም ነበር። ዛሬም በየደጋው ይታያል። ጭስ ማውጫ የለውም። ምድጃው ውስጥ ነው፤ ከብቱም ሌሊት ከሰው ጋር አንድ ጣሪያ ስር ያድራል። ጭሱ በሽመናውና በሳሩ እየተጣራ በዝግታ ይወጣል፤ ሲወጣ ቀርከሃውን ከነቀዝ ይጠብቀዋል። የዶርዜ ቤት ደግሞ ከፊቱ እንደ ዝሆን ኩምቢ ወጣ ያለ ነገር አለው፤ ለጭሱ መተንፈሻ ነው። እነዚህን ቤቶች «ኋላቀር» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ እንደ ገነት መሳልም እንዲሁ። ሁለቱም ስህተት ነው። ጭሱ የእናቶችን ዓይንና ሳንባ ጎድቷል፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ግድግዳውም ጣሪያውም ሙሉ በሙሉ ይተነፍስ ስለነበር አየር የታሰረበት ቦታ አልነበረም።

ቆርቆሮ ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። ጭቃ ቤቱ በቆርቆሮ ተሸፈነ፤ ከቆርቆሮው ስር ሙቀትና ብርድ እንዳይገባ በአቡጀዲ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት ኮርኒስ ተወጠረ። እዚህ ላይ የኪራይ ቤት ኑሮን የሚያውቅ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ክፍሎችን የሚለየው ግድግዳ ብዙ ጊዜ ኮርኒሱ ላይ ያበቃል። ከኮርኒሱ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ግን የሁሉም ነው። ጎረቤት ሲያስል ይሰማል፤ ጎረቤት ሽንኩርት ሲያቁላላ ይሸታል። ድምፅና ሽታ ካለፉ አየር አልፏል ማለት ነው። በሲሙሌሽን ቋንቋ ያ ከኮርኒስ በላይ ያለ ቦታ ራሱን የቻለ «ዞን» ይባላል፤ አምስት ተከራዮችን እርስ በርስ የሚያስተነፍስ፣ የማንም ያልሆነ ዞን።

ሐዋሳ እንደ ከተማ የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ሰፋፊ መንገዶች የተቀየሱባት፣ ከሐይቅ ዳር የተተከለች የፕላን ከተማ ነች። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1954፣ አዲስ አበባ ላይ የኢትዮ ስዊድን የህንጻ ቴክኖሎጂ ተቋም ተከፍቶ ነበር። የዘመናዊ ግንባታ ትምህርት በሀገራችን መልክ የያዘው በዚያ በኩል ነው። ሰሜን አውሮፓውያን ስለ ቤት ሲያስቡ ቀዳሚ ጭንቀታቸው ሙቀት እንዳይወጣ መዝጋት ነው፤ ክረምታቸው ያስገድዳቸዋል። የሐዋሳ ቤት ችግር ሌላ ነው። ቀን እስከ 27 ዲግሪ የሚደርስ፣ ሌሊት ወደ 13 የሚወርድ አየር ጠባይ ያለው ከተማ ቀን መዝጋት ሳይሆን በሰዓቱ መክፈት ነው የሚያስፈልገው።

ዓለም የአየርን መንገድ መቁጠር የጀመረበት ምክንያት ደግሞ ምቾት አልነበረም። በሽታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1858 ሙኒክ ላይ ማክስ ፎን ፔተንኮፈር የተባለ ሐኪምና ኬሚስት በክፍል ውስጥ ያለውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን መለኪያ አደረገው። ከአየሩ ከሺህ አንድ እጅ ካለፈ ክፍሉ ታፍኗል አለ። ጋዙ ራሱ በዚያ መጠን ሰው አይጎዳም፤ ግን የሰው ትንፋሽ ምልክት ነው። ምን ያህል የሌላ ሰው ትንፋሽ እየሳብክ እንደሆነ ይነግርሃል። ይህ ቁጥር እስካሁን ይሠራበታል።

ፔተንኮፈር የለካው ግን አንድን ክፍል ለብቻው ነው። ከክፍል ወደ ክፍል የሚደረገው ጉዞ የተያዘው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። በ1950ዎቹ ማብቂያ አሜሪካ፣ ባልቲሞር ውስጥ ዊልያም ዌልስና ሪቻርድ ራይሊ የሳንባ ነቀርሳ ህሙማን ከተኙበት ክፍል የሚወጣውን አየር በቱቦ አሳልፈው ከላይ ወደሚገኝ የሙከራ እንስሳት ክፍል ላኩት። እንስሳቱ ህሙማኑን አላዩም፣ አልነኩም። የደረሳቸው አየር ብቻ ነው። ታመሙ።

ከዚያ በላይ አስደንጋጭ የሆነው ግን በጥር 1970 በጀርመኗ ሜሼዴ ከተማ ሆስፒታል የደረሰው ነው። ከፓኪስታን የተመለሰ አንድ ወጣት ታይፎይድ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ በምድር ቤት ለብቻው ክፍል ተሰጠው። ከክፍሉ አልወጣም። ከቀናት በኋላ በሽታው ፈንጣጣ መሆኑ ታወቀ። ከዚያ ከእሱ በላይ ባሉት ፎቆች ያሉ ሰዎች መታመም ጀመሩ፤ ዓይኑን እንኳን ያላዩ ሰዎች። በጠቅላላው ወደ 20 የሚጠጉ ሰዎች ተያዙ። አንዱ ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ሆስፒታሉ ውስጥ የቆየ ጠያቂ ነበር። መርማሪዎቹ ግራ ቢገባቸው በወጣቱ ክፍል ውስጥ ጭስ ለቀቁ። ጭሱ በበሩ ወጥቶ ኮሪደሩን ይዞ በደረጃው ወደ ላይ ወጣ፤ ከፊሉም ገርበብ ባለው መስኮት ወጥቶ ግድግዳውን ታኮ ወደ ላይኛው ፎቅ መስኮቶች ተመልሶ ገባ። ክረምት ነበርና ህንጻው በማሞቂያ ይሞቅ ነበር፤ የሞቀ አየር ወደ ላይ ይሄዳል። ወጣቱ ተለይቶ የተኛ መስሏቸው ነበር፤ አየሩን የለየው ግን አልነበረም።

በዚያው ዘመን ፈንጣጣ በእኛ ሀገር ገና በሰፊው ነበረ። ኢትዮጵያ የማጥፋት ዘመቻዋን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ በዚያ ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ታማሚ ተመዘገበ። የመጨረሻው ታማሚ የተገኘው ነሐሴ 1976 ነበር። ዘመቻው ያሸነፈው በክትባትና በእግር ጉዞ እንጂ በአየር ስሌት አይደለም። የሜሼዴ ትምህርት ግን ለቀሩት በሽታዎች ሁሉ ይሠራል። በ1974 በኒውዮርክ ግዛት አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ አንዲት ተማሪ በኩፍኝ ታማ 28 ልጆች ከእሷ ያዛቸው፤ ልጆቹ በ14 የተለያዩ ክፍሎች የሚማሩ ነበሩ። የህንጻው የአየር ማዘዋወሪያ የአንዱን ክፍል አየር ሰብስቦ ለሌላው ያከፋፍል ነበር።

ኮምፒውተሩ ወደዚህ ታሪክ የገባው በሌላ በር ነው፤ በነዳጅ በር። የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ለኢትዮጵያውያን የሚታወሰው በየካቲት 1966 በአዲስ አበባ የታክሲ ነጂዎች አድማ ነው። የነዳጅ ዋጋ ጨመረ፣ ታክሲዎች ቆሙ፣ ከዚያ በኋላ የሆነው የታወቀ ነው። ያው ቀውስ አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ህንጻዎች ምን ያህል ኃይል እንደሚበሉ አስቀድሞ የሚያሰላ ሶፍትዌር ወለደ። የቀድሞዎቹ ፕሮግራሞች ህንጻውን በዞን ይከፋፍሉና የእያንዳንዱን ሙቀት በየሰዓቱ ያሰላሉ። ከዞን ወደ ዞን የሚያልፈውን አየር ግን አያሰሉም። ቁጥሩን ተጠቃሚው ራሱ ገምቶ ይጽፍ ነበር፦ «ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት በሰዓት ይህን ያህል»። ግምት ነው።

በዚያው ሰሞን ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ ህንጻዎች ተጠብቀው ተዘጉ። የአሜሪካ መሐንዲሶች ማኅበር ለአንድ ሰው የሚያስፈልገውን ንጹሕ አየር በ1981 ወደ 2.5 ሊትር በሰከንድ ገደማ ዝቅ አደረገው። ቢሮዎች ውስጥ ሰው ራሱን ይዞ፣ ዓይኑን እያሸ መታመም ሲበዛ በ1989 ሦስት እጥፍ አድርጎ መለሰው።

ዋናው ለውጥ የመጣውም በዚያው ጊዜ ነው። ከ1988 እስከ 1989 ከተለያዩ ሀገራት የመጡ ተመራማሪዎች በካሊፎርኒያው በርክሌይ ላቦራቶሪ ተሰባስበው ኮሚስ የተባለውን ፕሮግራም ሠሩ። በ1989 የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም ባለሙያ ጆርጅ ዋልተን ኤርኔትን አወጣ። የኋላው ኤነርጂፕላስ፣ በ2001 ለመጀመሪያ ጊዜ የተለቀቀውና ዛሬ በነጻ የሚገኘው፣ የአየር መረቡን የወረሰው ከነዚህ ነው።

ሐሳቡ አስገራሚ ቀላል ነው። ከቤት ቧንቧ መስመር ጋር ብታመሳስሉት አትሳሳቱም። እያንዳንዱ ክፍል አንድ ታንከር ነው፤ የራሱ ግፊት አለው። በር፣ መስኮት፣ ስንጥቅ፣ የዳክት ቀዳዳ ደግሞ ቧንቧዎቹ ናቸው። አየር ግፊት ከበዛበት ወዳነሰበት ይሄዳል። ሕጉ አንድ ነው፦ ወደ ክፍሉ የገባው አየር ከወጣው ጋር እኩል መሆን አለበት። ኮምፒውተሩ ግፊቶቹን ይገምታል፣ ሂሳቡ ካልተመጣጠነ ያስተካክላል፣ እንደገና ይገምታል፣ ሁሉም ክፍል እስኪታረቅ። የሚያስቸግረው አየር እንደ ገንዘብ ቀጥታ አለመከፋፈሉ ነው። ግፊቱ እጥፍ ሲሆን በሰፊ ቀዳዳ የሚያልፈው እጥፍ አይሆንም፤ 1.4 እጥፍ ገደማ ነው። በቀጭን ስንጥቅ ሲሆን ደግሞ ወደ 1.6 ይጠጋል።

አሁን በሐዋሳ ቁጥር እንየው። ከተማዋ ከባህር ጠለል 1700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አንድ ሜትር ኩብ አየር 0.98 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ጅቡቲ ወደብ ላይ ቢሆን 1.2 ኪሎ ገደማ ነበር። ወደ 18 በመቶ ይቀላል ማለት ነው። ከውጭ የሚገባ የአየር ማራገቢያ ካታሎጉ ላይ የተጻፈለት የማቀዝቀዝ አቅም አብዛኛውን ጊዜ ለባህር ጠለል ነው። ያው ማራገቢያ ሐዋሳ ሲተከል ያንኑ መጠን አየር ቢያንቀሳቅስም የሚሸከመው ሙቀት በዚያው ልክ ያንሳል። ይህን ያላሰበ ገዢ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይላል። ዕቃው ደኅና ነው፤ አየሩ ነው የሳሳው።

ሌሊት ውጭው 12፣ ውስጡ 22 ዲግሪ ቢሆን በሦስት ሜትር ከፍታ ልዩነት የሚፈጠረው ግፊት አንድ ፓስካል ያህል ነው። የውሃ ከፍታ አድርገን ብንለካው የሚሊ ሜትር አንድ አስረኛ! ማንም አይሰማውም። ግን በተዘጋ በር ስር የቀረ አንድ ሴንቲ ሜትር ክፍተት በዚያች ግፊት በሰከንድ ሰባት ሊትር ያህል አየር ያሳልፋል። በሌላ በኩል መውጫ ካገኘ፣ የአንዲት ትንሽ መኝታ ቤት አየር ከአንድ ሰዓት ትንሽ አልፎ ተለውጧል ማለት ነው። በሩ ሲከፈትማ ሌላ ነው። ሁለቱ ክፍሎች በሁለት ዲግሪ ብቻ ቢለያዩ የሞቀው አየር በበሩ ላይኛው ግማሽ ይወጣል፣ የቀዘቀዘው በታችኛው ግማሽ ይገባል፤ በእያንዳንዱ አቅጣጫ በሰከንድ ከ100 ሊትር በላይ። መኝታ ቤቱ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሳሎኑን አየር ተቀብሏል። ቡና ሲፈላ የእጣኑ ጭስ ከበሩ ጉበን ስር ተጣጥፎ ወደ ጓዳ ሲገባ ያየ ሰው ይህን ስሌት በዓይኑ አይቶታል።

አሁን ወደ ከሰሉ እንምጣ፤ ነገሩ ጨዋታ የማይሆነው እዚህ ላይ ነውና። በየዓመቱ በብርድ ሌሊት ከሰል አያይዘው የተኙ ሰዎች ሞተው ተገኙ የሚል ዜና እንሰማለን። የሚሰጠው ምክር «የተያያዘ ከሰል ካለበት ክፍል አትተኙ» የሚል ነው። ትክክል ነው፤ ግን ጎደሎ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በር ስርም በኮርኒስ ላይም ያልፋል። ከሰሉን ሳሎን ትቶ መኝታ ቤት በሩን ዘግቶ የተኛ ሰው ተለይቻለሁ ብሎ ያስባል። ሜሼዴም እንዲሁ ብለው ነበር።

ስለ ሐዋሳ ግንባታ ሲወራ የኢንዱስትሪ ፓርኩን አለማንሳት አይቻልም። ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የቻይናው ሲሲኢሲሲ በዘጠኝ ወር ገደማ ያቆመው፣ ከ50 በላይ ሼዶች ያሉት ነው። በየመድረኩ የሚወደሰው የፍሳሽ ማጣሪያው ነበር፤ ውሃውን መልሶ የሚጠቀም፣ ጠብታ የማያባክን። ይገባዋል። ሼዱ ራሱ አንድ ትልቅ ዞን ነውና ስሌቱ ቀላል ነው። ከባዱ ስሌት ያለው ከበሩ ውጭ ነው። ብዙዎቹ ሠራተኞች ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ በደመወዛቸው ቤት መከራየት ስላልቻሉ ሦስትና አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። የተደረደሩ ክፍሎች፣ አንድ ቆርቆሮ፣ አንድ ኮርኒስ። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የሳንባ ነቀርሳ ጫና አለባቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 30 ሀገራት አንዷ ናት። ለፓርኩ ውሃ የተሰላውን ያህል ለነዚያ ክፍሎች አየር ያሰላ ማን ነው?

ሕግ የለም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ የህንጻ ኮድ 11ኛ ክፍል ስለ አየር ዝውውር ነው። የህንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001ም ወጥቷል። ችግሩ ፈቃድ ሲጠየቅ የሚታየው የመስኮቱ ስፋት መሆኑ ነው። ክፍሉ መስኮት አለው፤ አለቀ። መስኮቱ ወደ ኮሪደር የሚከፈት ከሆነ፣ ያ ክፍል የሚተነፍሰው የኮሪደሩን አየር ነው። በየመናኸሪያው ዙሪያ ባሉ ፔንሲዮኖች እንዲህ ያለ ክፍል ያላደረ መንገደኛ ጥቂት ነው። ኮንዶሚኒየሞች ላይ ደግሞ ከላይ እስከ ታች የሚወርደው ዳክት አለ። ምድር ቤት የተጠበሰው ዓሣ አራተኛ ፎቅ መታጠቢያ ቤት ይሸታል። ነዋሪው በሽታው ይማረራል፤ ዳክቱ አራት ቤተሰብን አንድ ዞን እንዳደረጋቸው ግን የነገረው የለም። ለእንጀራ መጋገሪያ ተብለው በግቢው የተሠሩት የጋራ ህንጻዎች በዚህ ረገድ ጥሩ ሐሳብ ነበሩ፤ ጭሱን ከቤቱ ያወጣሉ። ምጣዱ ግን ብዙ ቦታ ወደ ቤት ተመልሷል።

ሶፍትዌሩ ይህን ሁሉ ይፈታል ማለትም ሞኝነት ነው። ብዙ ጊዜ የሚሠራ ስህተት አለ፦ ባለሙያው ከኮሪደር ወደ ክፍል የሚገባውን አየር ይጽፍና የሚመለሰውን ይረሳል። ፕሮግራሙ በቀላሉ ይቀበለዋል፤ ውጤቱ ግን ከየትም የመጣ አየር ነው። ሌላው ደግሞ የበሩ ጉዳይ ነው። ሞዴሉ በር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ማታ ክፍት ነው ተብሎ ከተነገረው ያምናል። የሐዋሳ ሱቅ በር ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው፤ የአዲሱ መስታወት ህንጻ ቢሮ በር ግን ራሱን የሚዘጋ ነው። ብርድ ይመታናል የሚሉት እናትስ በየትኛው ሰንጠረዥ ይገባሉ? በኮቪድ ጊዜ፣ ከመጋቢት 2012 በኋላ፣ ትራንስፖርት በግማሽ ተሳፋሪ እንዲሠራ ተደርጎ ነበር። ወንበር ተቆጠረ፣ እጅ ታጠበ። መስኮቱ ግን በእናትየውና በወጣቱ መካከል እንደተለመደው ለድርድር ቀረ።

በ2007 የታተመ የፔሩ ጥናት ለእኛ ከማንም በላይ ይቀርባል። ተመራማሪዎቹ ሊማ ውስጥ በስምንት ሆስፒታሎች 70 ክፍሎችን ለኩ። ከ1950 በፊት የተሠሩት፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ ትልልቅ መስኮት በሁለት በኩል ያላቸው ክፍሎች መስኮታቸው ሲከፈት አየራቸው በሰዓት 40 ጊዜ ያህል ይለወጥ ነበር። ከ1970 በኋላ የተሠሩት አዳዲሶቹ 17 ጊዜ። በማሽን የሚነፍስላቸው ክፍሎች እንዲለውጡ የሚጠበቀው ደግሞ 12 ጊዜ ነው። ህክምና ካልጀመሩ የሳንባ ነቀርሳ ህሙማን ጋር አንድ ቀን ያሳለፈ ጤነኛ ሰው የመያዝ ዕድሉ በስሌታቸው በማሽኑ ክፍል 39 በመቶ፣ በአዲሱ 33 በመቶ፣ በአሮጌው 11 በመቶ ሆነ።

በቆዩ የመንግሥት ቢሮዎቻችንና ትምህርት ቤቶቻችን ከበሩ በላይ የሚከፈት ጠባብ መስኮት ይታያል። በሩ ተዘግቶም የሞቀው አየር በዚያ ይወጣ ነበር። አሁን በሚሠሩት ህንጻዎች ያ ቦታ በብሎኬት ይሞላል፤ የአሉሚኒየም ሠራተኛው ዋጋ የሚያወጣው በካሬ ሜትር ነውና፣ ባለቤቱ ያተርፋል።